ሶሮሪቲ መግባት ለነርስ ምን ይጠቅማል?

እህቴ፣ አሜሪካ ዋሽንግተን ባለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የነርሲንግ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ ብለሻል። አልፋ ካፓ አልፋ የሚባለው ሶሮሪቲ (የሴት ተማሪዎች ማኅበር) ለመግባት አስበሽ፣ እናትሽ ግን «ሮዝና አረንጓዴ ሹራብ ለመልበስ ይህን ሁሉ ገንዘብ?» ብለው ተቆጡ። አንቺም «ለሥራ ይጠቅመኛል ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ሮዝና አረንጓዴ መለያ ቀለሙ የሆነው ይህ ማኅበር የተመሠረተው አንቺ በምትማሪበት ግቢ ነው፤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1908፣ በተማሪዋ በኢቴል ሄጅማን አነሳሽነት። ጥቁር ሴት ተማሪዎች ካቋቋሟቸው ሶሮሪቲዎች የመጀመሪያው ነው። አንቺ ግን በተለይ እ.ኤ.አ. 1935ን እወቂ። በዚያ ዓመት በማኅበሩ አባል በዶክተር ዶሮቲ ፌሬቢ መሪነት ሐኪሞች፣ ነርሶችና መምህራን የክረምት ዕረፍታቸውን ትተው ወደ ደቡባዊቷ የአሜሪካ ግዛት ሚሲሲፒ ወረዱ፤ የጥጥ ሠራተኞችን ልጆች ሊከትቡ። የእርሻው ባለቤቶች ሠራተኞቹ ወደ ክሊኒኩ እንዳይሄዱ ከለከሉ። ሐኪሞቹና ነርሶቹም መድኃኒቱን መኪና ላይ ጭነው በየእርሻው ዞሩ። እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በየክረምቱ ተመላለሱ። በሽተኛው መምጣት ካልቻለ ወደ በሽተኛው መሄድን ዛሬ ክፍል ውስጥ የማኅበረሰብ ጤና ብለው ያስተምሩሻል፤ እነዚያ ሴቶች አቧራ ላይ ሠርተውታል። ይህን ለእናትሽ ንገሪያቸው።

ወደ ሥራው ስመጣ፦ አንዲት ልጅ ሲቪዋ ላይ የሶሮሪቲዋን ስም ብቻ ጽፋ ነበር። ቃለ መጠይቁ ላይ «እዚያ ምን ሠራሽ?» ሲሏት ዝም አለች። አሁንም ያሳዝነኛል፣ ጎበዝ ልጅ ነበረች። አንቺ ከገባሽ የሠራሽውን ጻፊ፦ የት ቤተ ክርስቲያን፣ ስንት ሰው የደም ግፊት እንደለካሽ፣ ማንን ወደ ሐኪም እንደላክሽ። የምትሠሪው ነገር ከሌለ ስሙ ብቻውን አይቀጥርሽም።

ክፍያውንና የሚወስደውን ሰዓት አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ክሊኒካል ልምምድሽን የሚነካ ከሆነ አትቸኩይ። ከተመረቁ በኋላ የሚገቡበት ቅርንጫፍም አላቸው። «አባል ለመሆን ነው» ብሎ የሚያዋርድሽ ወይም የሚመታሽ ካለ ደግሞ ያኔውኑ ውጪና ለዩኒቨርሲቲው አመልክቺ፤ የማኅበሩም ሕግ ይከለክለዋል።

ከማመልከትሽ በፊት ለሕዝብ ክፍት የሆነ የአገልግሎት ፕሮግራም ሲኖራቸው እናትሽን ይዘሻቸው ሂጂ። ወንበር ሲደረድሩ፣ አዛውንት ሲያስተናግዱ አብራችሁ እዩ፤ ከዚያ እቤት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት።