የሊትዌኒያ የቤተሰብ ታሪክ ለምትፈልጉ ወጣቶች፦ ከስሙ በፊት ጸሐፊውን እወቁ

ውድ ወጣቶች፣

በትምህርት፣ በሥራ ወይም በጋብቻ ዝምድና ምክንያት የሊትዌኒያን የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ማገላበጥ ለጀመራችሁ ይህን ጽፌያለሁ። ጀማሪ በብዛት የሚሰናከለው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ የቅድመ አያትን ስም ዛሬ በሚጻፍበት መልክ ይዞ ይገባና «የለም» ብሎ ይወጣል። ስሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ አለ፤ በሌላ ቋንቋ፣ በሌላ ፊደልና በሌላ የቃል መድረሻ ተጽፎ ነው ያመለጠው። ስለዚህ መዝገቡን ስትከፍቱ አስቀድማችሁ «ማን ጻፈው? በየትኛው ቋንቋ?» ብላችሁ ጠይቁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከተረፉት የጥምቀት መዛግብት ጥንታዊው በሰሜን የምትገኘው የዮኒሽኪስ ከተማ መዝገብ ሲሆን ከ1599 ይጀምራል። ቀደምቶቹ በላቲን ናቸው፤ ከዚያ ፖላንድኛ ይከተላል፤ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ ሩሲያኛ ይገባል። ሊትዌንኛ የመዝገብ ቋንቋ የሆነው ከ1918ቱ ነጻነት በኋላ ነው። ከኔሙናስ ወንዝ ማዶ በደቡብ ምዕራብ ያለው ሱቫልኪያ ግን ሌላ ሥርዓት ነበረው፦ ከ1808 ጀምሮ በናፖሊዮን ሕግ ዓይነት በፖላንድኛ፣ ከ1868 ወዲህ በሩሲያኛ።

ይህን በአንድ ሰው ላይ እንየው። በ1875 ክርስትና ሲነሣ ሩሲያዊው መዝገብ «ኢቫን ኮዝሎቭስኪ» ብሎታል። የእሱ ልጅ በ1921 ሲጠመቅ ያው ሰው «ዮናስ ካዝላውስካስ» ሆኖ ይገኛል። ከእሱ በፊት የነበረው አያቱ በፖላንድኛ «ያን» ተብሎ ተጽፏል። ሦስቱም አንድ ስም ናቸው። እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ፤ የሊትዌኒያው ዮናስ ነቢዩ ዮናስ አይደለም፣ ዮሐንስ ነው። በዓሉም ሰኔ አጋማሽ ካለፈ በኋላ፣ በጁን 24፣ ይከበራል። ዩርጊስ የእኛው ጊዮርጊስ፣ ኦና ሐና ናት። ከሁሉ የሚያስቸግረው ቫይቲየኩስ ነው፤ ፖላንዶች ቮይቸኽ ይሉታል፣ ላቲን የሚጽፍ ቄስ ግን አዳልቤርቱስ ብሎ ይጽፈዋል። ይህን የማያውቅ ሰው አንዱን ሰው ለሁለት ከፍሎ ሁለት ወንድማማቾች ያደርጋቸዋል።

አሁን ወደ ሴቶቹ ስም እንምጣ፤ ከሁሉ በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይኸው ነው። በሊትዌንኛ ሰነድ ላይ የቤተሰብ ስም መድረሻ የሴቲቱን ሁኔታ ይናገራል። ካዝላውስካስ የሚባል ሰው ሚስቱ ካዝላውስኪየኔ፣ ያላገባች ልጁ ካዝላውስካይቴ ትባላለች። ስለዚህ ባል፣ ሚስትና ልጅ በሦስት የተለያዩ መድረሻዎች ጨርሰው ይገኛሉ። የሚስት ስም አብዛኛውን ጊዜ በ«ኢየኔ» ስለሚያልቅ የባሏን መድረሻ ይደብቃል። ለምሳሌ ሪምኪየኔ የምትባል ሴት የሪምኩስም የሪምካም ሚስት ልትሆን ትችላለች፣ ሁለቱም ያሉ የቤተሰብ ስሞች ናቸውና። የሚለየው የሴት ልጅ ስም ነው፦ ሪምኩቴ ከሆነች አባቷ ሪምኩስ፣ ሪምካይቴ ከሆነች ሪምካ ነው። ባጠቃላይ «አይቴ» አባቱ በ«አስ» ወይም በ«አ» የሚያልቅ፣ «ኢቴ» በ«ኢስ» የሚያልቅ፣ «ኡቴ» ደግሞ በ«ኡስ» የሚያልቅ መሆኑን ያሳያል። ምክሬ ይህ ነው፦ የሞት መዝገብ ላይ ባል ያላት ሴት ስታገኙ፣ የወንዱን ስም ገምታችሁ አትጻፉ፤ የሴት ልጆቿን የጋብቻ መዝገብ እስክታገኙ ድረስ ክፍት ተዉት።

በሊትዌንኛ መዝገብ ሌላም ወጥመድ አለ። እኛ «የ» ብለን የምንጀምረውን ባለቤትነት እነሱ መድረሻውን ለውጠው ይገልጡታል። «የዮናስ ካዝላውስካስ» ለማለት «ዮኖ ካዝላውስኮ» ይጻፋል። ብዙ የኢንተርኔት ማውጫ ላይ «ካዝላውስኮ» የሚባል የሌለ ቤተሰብ ተፈጥሮ የምታገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ስትፈልጉ መድረሻውን ቆርጣችሁ ግንዱን ብቻ አስገቡ፤ በፖላንድኛው አጻጻፍም ደግማችሁ ፈልጉ፤ ካዝላውስካስን በኮዝሎቭስኪ፣ ያንካውስካስን በያንኮቭስኪ፣ ስታንኬቪቹስን በስታንኬቪች።

የሱቫልኪያ መዝገብ በሰንጠረዥ አይደለም፣ እንደ ቃለ ጉባኤ በተከታታይ ዐረፍተ ነገር የተጻፈ ነው። በኅዳጉ ላይ ቁጥርና የመንደር ስም አለ። ከዚያ ቀኑና ሰዓቱ፤ ቀጥሎ «እገሌ ገበሬ፣ ዕድሜው ይህን ያህል፣ በምስክሮቹ በእገሌና በእገሌ ፊት ቀርቦ ሕፃን አሳየን» ይላል፤ የእናቲቱ ስም ከነአባቷ ቤት ስም ወደ መጨረሻው ነው። ስሙን አንዴ ብቻ አይታችሁ አትለፉ፤ ምስክሮቹ ብዙ ጊዜ ዘመድ ናቸው። በሩሲያ ዘመን ቀኑ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፣ በጁልየስና በጎርጎርዮስ አቆጣጠር፤ ልዩነቱ 12 ቀን ነው፣ ከማርች 1900 ወዲህ 13። አንዱን ልደት ሌላውን ጥምቀት አድርገው የሚመዘግቡ አሉ፤ ስሕተት ነው። በተቀረው ሊትዌኒያ የሚጻፈው የጁልየሱ ብቻ ነበር።

ሥራችሁን ከጋብቻ መዝገብ ጀምሩ፤ የሁለቱን ወገን ወላጆች የምታገኙት ከዚያ ነውና። ከዚያ ወደ ጥምቀት ውረዱ። የዕድሜን ቁጥር አትመኑት፣ ግራና ቀኝ አምስት አምስት ዓመት ፈትሹ። ሕፃን ሲሞት ቀጥሎ ለሚወለደው ያንኑ ስም መስጠት የተለመደ ስለነበረ፣ የሞት መዝገቡን ሳታዩ የመጀመሪያውን ጥምቀት ለአያታችሁ አትስጡ። ብዙዎቹ መዛግብት በቪልኒየስ በሚገኘው የሊትዌኒያ መንግሥት የታሪክ ቤተ መዛግብት አሉ፤ ብዙ ምስልም ኤፓቬልዳስ በሚባለው ድረ ገጽ በነጻ ይታያል። ያገኛችሁትን ስትጽፉ ስሙን መዝገቡ ላይ እንዳለ፣ ከአጠገቡ ዛሬ የሚጻፍበትን፣ ከዚያ መንደሩን፣ አጥቢያውን፣ በመጨረሻም ፎንዳስ (ክምችት)፣ አፒራሻስ (ዝርዝር)፣ ቢላ (ፋይል) እና ላፓስ (ቅጠል) የሚባሉትን አራት የመዝገብ ቁጥሮች አስፍሩ። እነዚህ ከሌሉ ሌላ ሰው ሥራችሁን ሊያረጋግጥ አይችልም።

የክላይፔዳ አካባቢ በፕሩሲያ ሥር ስለነበረ ስሞቹ የጀርመን መልክ አላቸው፤ አዶማይቲስ እዚያ አዶማይት ይሆናል። እስራኤል የምትኖሩት የሊትዌኒያ አይሁድን ትውልድ ስታጠኑ ደግሞ፣ የቤተሰብ ስም በ1804ቱ የሩሲያ ሕግ የታዘዘ ነውና ከዚያ በፊት የአባት ስም ተከተሉ። ይሁዳ ሌይብ፣ ጽቪ ሂርሽ፣ ዶቭ በር የመሰሉ ጥንድ ስሞች የአንድ ሰው ናቸው። በአሽከናዝ (በምሥራቅና መካከለኛው አውሮፓ አይሁድ) ልማድ ሕፃን በሞተ ዘመድ ስም ስለሚጠራ፣ የልጅ ልጅ የአያቱን ስም ይዞ ከተወለደ አያቱ ከዚያ በፊት ሳይሞት አይቀርም።

በሕይወት ያሉትን ስትመዘግቡ ግን ከሴቶቹ መድረሻ ተነሥታችሁ ማግባታቸውን አትወስኑ። ከ2003 ወዲህ ማንኛዋም ሴት ትዳሯን የማይገልጥ፣ በ«ኤ» ብቻ የሚያልቅ ስም መያዝ ትችላለች፤ ካዝላውስኬ እንደማለት። እሷኑ ጠይቁና የነገረቻችሁን ጻፉ።