ውርጩ የሚመጣበት ሌሊት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ ብርዱ የሚያወሱ በመሆናቸው የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእርሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በሚወስደው ቁልቁለት፣ ከወንዙ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ነው። ሐምሌንና ነሐሴን ዝናቡን እያማረርን ብናልፋቸውም እንዲህ አልተንቀጠቀጥንም ነበር። ኅዳር ከገባ ወዲህ ግን ንጋት ላይ ስወጣ የጎመኑን ቅጠል ዳር ዳሩን ነጭ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ስነካው ይንኮሻኮሻል። በዚያው ሰዓት ስልኬን ስመለከት ግን 5 ዲግሪ ይላል። ውኃ የሚረጋው በዜሮ ዲግሪ አይደለም እንዴ? 78 ዓመት የሞላቸው እናቴና የሦስት ወር ልጄ አብረውኝ ስላሉ፣ ከባዱ ብርድ የሚመጣበትን ሌሊት አስቀድሞ ማወቅ የሚቻል ከሆነ ብትነግሩኝ።

መልስ፦ የጎመንዎም ቅጠል የስልክዎም ቁጥር አልዋሹም፤ የሚናገሩት ስለተለያየ ቦታ ነው። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች የአየሩን ሙቀት የሚለኩት ነፋስ በሚያስገባ ነጭ የእንጨት ሳጥን ውስጥ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ በተሰቀለ ቴርሞሜትር ነው። ነፋስ በሌለበትና ሰማዩ በጠራበት ሌሊት መሬቱና መሬት ላይ ያለው ቅጠል ከዚያ ከፍታ ይልቅ በብዙ ዲግሪ ይቀዘቅዛሉ፤ ስለዚህ ሳጥኑ ውስጥ 4 ወይም 5 ዲግሪ እየተነበበ ከሥሩ ያለው ሣር ውርጭ ሊይዝ ይችላል። ስልክዎ ላይ የሚታየው ቁጥር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለሰፊ አካባቢ የተሠራ የኮምፒውተር ስሌት እንጂ የግቢዎ ልኬት አይደለም። ስሌቱ የእርስዎን ቁልቁለት አያውቀውም።

ቁልቁለቱን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የቀዘቀዘ አየር ከሞቀው ይልቅ ስለሚከብድ፣ ሌሊቱን ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከእንጦጦ ተነሥቶ ልክ እንደ ውኃ ሸለቆ ሸለቆውን ይዞ ይወርዳል። በቀበናና በግንፍሌ ወንዝ ዳር፣ እንዲሁም በራስ መኮንን ድልድይ ሥር ባሉ ዝቅተኛ ቦታዎች ይጠራቀምና እስኪነጋ እዚያው ያድራል። ከፍ ያለ ቦታ ሁልጊዜ ይበልጥ ይበርዳል የሚለው ዕውቀታችን ቀን ቀን ትክክል ቢሆንም፣ በእንዲህ ያለ ሌሊት ግን ከወንዙ ዳር ያለው ቤት ከዳገቱ ወገብ ላይ ካለው ይልቅ ሊበርደው ይችላል። ይህን በዓይን ማየት የሚፈልግ ሰው ኅዳር 12 ቀን ማምሻውን ከአንድ ፎቅ ላይ ሆኖ ከተማውን ይመልከት። በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የፈጀው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ በሆነው በዚያ ቀን፣ በየደጁ የሚቃጠለው የቆሻሻ ጭስ ትንሽ ሽቅብ ይወጣና በጣራዎች ከፍታ ላይ እንደ አቡጀዲ ይነጠፋል። ከላይ ሞቅ ያለ አየር ስለከደነው ማለፍ አልቻለም ማለት ነው። ብርዱም የሚተኛው ከዚያው ክዳን ሥር ነው። የማጠኑ ልማድ ለጤና ይበጃል ብዬ ባላምንም፣ የአየሩን ጠባይ ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ ነገር አላየሁም።

ክረምት ሲባል የሌላ አገር ሰው የሚያስበው ብርድን ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ክረምት የዝናብ ወቅት ሲሆን የሌሊቱ ብርድ የሚጠናው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው በጋ ነው። ምክንያቱ የሌሊቱ መርዘም እንዳይመስልዎ፤ በአዲስ አበባ በዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ ቀን የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ዋናው ምክንያት ደመናው ነው። መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ በሐምሌ ደመናውና በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ሙቀቱን እንደ ብርድ ልብስ ይዘው ይመልሱታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ከሳይቤሪያና ከዓረቢያ ምድር ከሚዘረጋው ከፍተኛ የአየር ግፊት የሚነሣው ደረቅ የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ደመናውን ጠርጎ እርጥበቱንም ስለሚወስደው፣ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለተቀመጠችው ከተማችን ብርድ ልብስ አይቀርላትም። ለዚህም ነው ቀኑ እስከ 23 ዲግሪ ሞቆ፣ ፀሐዩ አናት እየበሳ ውሎ፣ ሌሊቱ እንደዚያ የሚሆነው።

እንግዲህ ከባዱን ሌሊት አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል፤ ከአንድ ቀን በፊት ከሆነ ደግሞ በቀላሉ ይቻላል። ማታ 12 ሰዓት ላይ ሰማዩን ይመልከቱ። አንዲት ደመና ከሌለች፣ ቀን ሲነፍስ የዋለው ነፋስ ከጀንበር መጥለቅ ጋር ጸጥ ካለ፣ የተሰጣው ልብስ በሁለት ሰዓት ውስጥ ደርቆ ከንፈርዎም መሰነጣጠቅ ከጀመረ፣ የዚያ ሌሊት ብርድ የዋዛ አይሆንም። ከእራት በኋላ ደግሞ ደጅ የቆመ መኪና ካለ ጣራውን በእጅዎ ዳሰስ ያድርጉት። በምሽቱ 2 ሰዓት ጤዛ ይዞት ከሆነ በአየሩ ውስጥ እርጥበት አለ ማለት ነው፤ ጤዛው ሲፈጠር የሚለቀው ሙቀት ቅዝቃዜውን ስለሚያዘገየው ሌሊቱ ብዙውን ጊዜ እምብዛም አይከፋም። በ4 ሰዓትም ጣራው ደረቅ ሆኖ ግን በቅዝቃዜው እጅዎን ካቃጠለዎ፣ እናትዎንም ሕፃኑንም ለብርዱ ያዘጋጇቸው። የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት የሚመዘገበው ብዙዎች እንደሚያስቡት እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ፀሐይ ብቅ ባለች ቅጽበት፣ በታኅሣሥ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ለቤተ ክርስቲያን ኪዳን ለማድረስ የሚወጡ አረጋውያን ብርዱ በበረታበት ሰዓት ላይ መንገድ ይጀምራሉ ማለት ነው።

ለእናትዎ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት ብርዱን በቶሎ አይናገርም፤ «አልበረደኝም» ቢሉዎት እንኳ እግራቸውንና ሆዳቸውን በእጅዎ ይዳስሱ። ብርድ የደም ሥርን ስለሚያጠብብ የደም ግፊትም ከፍ ይላል፤ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በዚህ ወቅት እንዳያቋርጡ ይጠንቀቁ። ለሕፃኑ ደግሞ ኮፍያ፣ ካልሲና የእናት ገላ ከምንም ይበልጣሉ። ፊቱን ግን አይሸፍኑት፤ ደረቱና ሆዱ ከቀዘቀዘ፣ ጡት መጥባት ከተወ ወይም ከወትሮው ውጭ ከፈዘዘ ሳይነጋ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ቤቱን በተመለከተ፣ የእኔም ልጅነት ያለፈው ኮርኒስ በሌለው የጭቃ ቤት ውስጥ በመሆኑ የምናገረው ከማውቀው ነው። ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮው አልቦት በብርድ ልብሳችን ላይ ጠብ ጠብ ይል ነበር፤ እናታችን «ጣራው አለቀሰ» እያለች ጋቢዋን ታራግፋለች። ቆርቆሮ ስስ በመሆኑ ሌሊት በቶሎ ስለሚቀዘቅዝ፣ የእኛ ትንፋሽ እርሱን ሲነካው ውኃ ይሆናል። አነስተኛ አቅም ያለው ሰው በዚህ ዓመት አንድ ነገር ብቻ መሥራት ቢችል ኮርኒሱን ያስቀድም እላለሁ፤ በአቡጀዲም ይሁን በማዳበሪያ ከረጢት ስፌት በጣራውና በአልጋው መካከል የተያዘ አየር ከተጨማሪ ብርድ ልብስ የበለጠ ይሠራል። ከዚያ በኋላ የበሩን ሥር በተጠቀለለ ጨርቅ መድፈን፣ መስኮቱን እስከ 10 ሰዓት ለፀሐይ ከፍቶ ጀንበር ሳትጠልቅ መጋረጃውን መዝጋት፣ ሲሚንቶ ላይ የተነጠፈ ፍራሽ ከሆነ ደግሞ ከሥሩ ካርቶን ወይም ሰሌን መደረብ ይከተላል። ጋቢ አራት ድርብ የሆነው በከንቱ አይደለም፤ የሚያሞቀው ጥጡ ሳይሆን በድርቦቹ መካከል የሚታሰረው አየር ነው። ስለዚህም አንድ ወፍራም ነገር ከመልበስ ሁለት ሦስት ስስ ነገር መደራረብ ይሻላል።

ጎመኑ ደግሞ ውርጩን ይችለዋል፤ የሚያሳስበኝ አጠገቡ ቲማቲም፣ ድንች ወይም ቃሪያ ካለ ነው። እኩለ ቀን ላይ አፈሩን አጠጡት፤ እርጥብ አፈር ሙቀት ይዞ ያድራል። ጀንበር ሳትጠልቅም ተክሉን በከረጢት አልብሱትና ጠዋት ፀሐዩ ሲሞቅ አንሡለት።

ጥያቄ፦ ስድስት ኪሎ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ የምማር ተማሪ ነኝ። አከራዬ ከሰሉ ደጅ ተያይዞ ጨርሶ ከፈመ በኋላ ጭስ ስለሌለው ክፍል ውስጥ ማስገባት ምንም ችግር እንደሌለው ይነግሩኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ይህን በአጭሩ ማለፍ አልችልም። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ስለዚህ ሰውን ያስወጣዋል። የሚገድለው ግን ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ሲሆን፣ ይህ ጋዝ አከራይዎ «ጥሩ ሆነ» በሚሉበት ሰዓት፣ ከሰሉ ቀልቶ አመድ ሲለብስም በብዛት ይወጣል። ጋዙ በደም ውስጥ ኦክስጅንን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሆነ ኃይል ስለሚጣበቅ፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይታፈናል። ክብደቱ ከአየር ጋር ተቀራራቢ በመሆኑ መሬት ላይ መተኛትም አልጋ ላይ መውጣትም አያድንም፤ ውኃ በሳህን ሞልቶ ማንደጃው አጠገብ ማስቀመጥም እንዲሁ።

እኔ ራሴ አንድ የታኅሣሥ ቅዳሜ፣ ቡና ከተጠጣ በኋላ ማንደጃውን ማስወጣት ሰንፈን በር ዘግተን ስንጫወት አምሽተናል። መጀመሪያ የመጣው ራስ ምታት ነበር፤ ሁላችንም በየፊናችን «ቡናው ጠንክሮ ነው» አልን። ከመካከላችን አንዷ ስትነሣ ጉልበቷ ከዳትና ወደቀች፤ በሩ የተከፈተው እርሷን ለማውጣት እንጂ ማንም ነገሩን ጠርጥሮ አልነበረም። በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካዞራቸውና ካቅለሸለሻቸው፣ ደጅ ሲወጡ ደግሞ ቀለል ካላቸው፣ ጥፋቱ የቡናው አይደለም። የወደቀ ሰው ካለ በርና መስኮቱን ከፍታችሁ ወደ ደጅ አውጡት፤ የከተማው እሳትና ድንገተኛ አደጋ መሥሪያ ቤት በ939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ደግሞ በ907 ይገኛሉ።

ለእርስዎ ክፍል የምመክረው የፈላ ውኃ በርዶ ለእጅ ሲመች በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው፣ ክዳኑን አጥብቀው፣ በካልሲ ጠቅልለው ከመተኛትዎ ሩብ ሰዓት በፊት ብርድ ልብሱ ውስጥ እንዲያስቀምጡት ነው። አከራይዎን ደግሞ ለራሳቸውም ጭምር ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ በሬዲዮ የበጋው ትንበያ ሲነገር «ከመደበኛ በታች» ወይም «ከመደበኛ በላይ» ይባላል። ይህ ለእኛ ለተራው ሰው ምን ይጠቅመናል? ላኒና የሚሉትስ ከብርዱ ጋር ምን ያገናኘዋል?

መልስ፦ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት ትንበያ ሲያወጣ የሚናገረው ከመደበኛው፣ ማለትም ከብዙ ዓመታት አማካይ፣ አንጻር የትኛው ሁኔታ የበለጠ ዕድል እንዳለው እንጂ የትኛው ሌሊት እንደሚበርድ አይደለም። ላኒና፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ መካከለኛና ምሥራቃዊ ክፍል ከወትሮው ሲቀዘቅዝ፣ በጋችን ደረቅና ሰማዩ የጠራ የመሆን ዝንባሌ ስላለው፣ የውርጭ ሌሊቶች ይበረክታሉ ተብሎ ይጠበቃል። በኤልኒኖ ጊዜ፣ ማለትም በተቃራኒው ያው የውቅያኖስ ክፍል ከወትሮው ሲሞቅ ደግሞ፣ በ2016 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር በሶማሌ ክልል ጎርፍ ያስከተለውን ዓይነት ያለ ወቅቱ የሚመጣ ዝናብ ሊጥል ይችላል፤ ደመናው ወደ መካከለኛው አገር በዘለቀ ቁጥር ሌሊቱ ይለዝባል። የወቅቱን ትንበያ ሰምተው ኮርኒስና ብርድ ልብስ ያዘጋጁ፤ ኢንስቲትዩቱ በየአሥር ቀኑና በየዕለቱ የሚያወጣውን ደግሞ ለሌሊቱ ይጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዛሁ፤ ግን ስከፍተው የግቢው መብራት ይጠፋል። ዕቃው ተበላሽቷል ልበል?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ባለ 2 ሺህ ዋት ማሞቂያ በ220 ቮልት 9 አምፒር ያህል ይስባል፤ በዚያው ቆጣሪ ላይ ጎረቤትዎ የኤሌክትሪክ ምጣድ ጥደው ከሆነ ምጣዱ ብቻውን ከ3 ሺህ ዋት ሊበልጥ ስለሚችል መስመሩ አይችለውም። እንጀራ ከማይጋገርበት ሰዓት ጋር ያስማሙት፤ በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ሳይሆን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት ይሰኩት፤ ሶኬቱን በየጊዜው ዳስሰው ከጋለ ይንቀሉት። ከመተኛትዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ክፍሉን አሙቆ ማጥፋት ይበቃል። እራት ላይ ትኩስ ሾርባ ካለ ደግሞ ሌላውን ሰውነትዎ ራሱ ይሠራዋል፤ አባቶች «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት ለኅዳርና ለታኅሣሥም ይሆናል።