ስለ ዓድዋ ቴአትር ለጠየቅሽው፦ ጦርነቱን ተዉት፣ ወረቀቱን ያዙ

ሰላም እህቴ። ተማሪዎችሽ ለየካቲት 23 ራሳቸው ጽፈው ራሳቸው የሚጫወቱት ቴአትር ሊሠሩ እንደሆነ ገልጸሽ፣ «ልምድ ያለው ይምከረን» ብለሻል። እኔ ደሴ የታሪክ መምህር ነኝ። የድራማ ክበቡም በኔ ኃላፊነት ነው ያለው። ይህንኑ ሠርተነዋል። ልጆቹ አኩርተውኛል፣ አንድ ቢሮ ደግሞ አንገብግቦኛል። ክበብ እንዴት እንደሚቋቋም አልነግርሽም፣ እሱን ታውቂዋለሽ። እንደኛው በጀት የሌላችሁ፣ አዳራሽም የሌላችሁ ናችሁ ብዬ ልቀጥል።

1. ጦርነቱን መድረክ ላይ አታውጡት። የኛ ልጆች መጀመሪያ ጽፈው ያመጡት አሥራ አንድ ትዕይንት ነበር። አምባላጌ አለ፣ የመቀሌው ከበባ አለ፣ ዓድዋ አለ። ፈረስ አለ፣ መድፍ አለ። ልምምድ ስንጀምር ዱላ የያዙ ልጆች ከግራ ወደ ቀኝ ይሮጣሉ፣ የሞተው እየሳቀ ይነሣል። ሁለት ሳምንት እንዲሁ ባከነ። አንድ ቀን አስቀመጥኳቸውና «ለመሆኑ ጠቡ ከምን ተነሣ?» አልኳቸው። «ከውጫሌ ውል» አለች አንዷ። ውጫሌ እኮ ለኛ ሩቅ አይደለም። ወደ ወልድያ ስንሄድ የምናልፍባት የአምባሰል ከተማ ናት። ግማሾቹ ልጆች በሚኒባስ አልፈውባታል፤ ውሉና ከተማዋ አንድ ስም መሆናቸውን ግን ልብ ያለ አልነበረም።

በቃ፣ ሁሉንም ጥለን ውሉን ያዝን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ምኒልክና የጣልያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ፣ 20 አንቀጽ። ከነዚህ ውስጥ አንዱ፣ 17ኛው፣ በሁለቱ ቋንቋ የተለያየ ነው። አማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በጣልያን በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የጣልያንኛው ደግሞ በጣልያን በኩል ለማድረግ ተስማምተዋል ይላል። ጣልያንም ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ አሳወቀች። ለመድረክ ከዚህ የተሻለ ነገር ከየት ይመጣል? አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አምስት ሰው፣ አንድ ወረቀት። ሁለተኛው ክፍል አንቶኔሊ ተመልሶ መጥቶ በ1883 የተደረገው ሙግት ነው። እቴጌ ጣይቱም የሚገቡት እዚያ ላይ ነው። ማሳረጊያው ምኒልክ በ1885 ውሉን ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት ማሳወቃቸው ነው። ጥይት አልተተኮሰም፣ ተመልካቹ ግን ትንፋሹን ውጦ ነው ያየው።

2. ታሪኩን የሚፈትሽ ልጅ መድቡ። መምህሩ ሳይሆን ልጅ። የኛው አንድ ዝምተኛ የ10ኛ ክፍል ልጅ ነበር፣ መተወን አይፈልግም። ልብስ ስንለካ ምኒልክን የሚጫወተው ልጅ ከካርቶን የተሠራውን ዘውድ አድርጎ ቁጭ አለ። ያ ዝምተኛ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ውጫሌ ላይ የንጉሠ ነገሥት ዘውድ ገና የለም» አለኝ። እውነቱን ነው። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የሞቱት ውሉ በተፈረመበት ዓመት፣ በ1881 መጋቢት ነው፤ ምኒልክ እንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት ደግሞ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ነው። ውሉ በመሃል ነው የተፈረመው። ዘውዱን አወለቅነው፣ ራሱ ላይ ነጭ ሻሽ አሰርንለት። እኔ የታሪክ መምህሩ ያላየሁትን እሱ አየው። ደስ ብሎኛል።

3. አፋቸው ላይ ያለውን አማርኛ ይጻፉ። መጀመሪያ ሁሉም «ግርማዊ ሆይ» እያለ ከቴሌቪዥን የሰማውን ነበር የሚጽፈው። እኔ ላርምላቸው ብዬ አባባስኩት። በኋላ «እስቲ ሂዱና አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ በወረቀት የተታለለ ሰው ምን ይላል?» አልኳቸው። ጣይቱን የምትጫወተው ልጅ አያት ድሮ መሬት ላይ በአውራ ጣታቸው ፈርመው፣ የተነበበላቸውና የተጻፈው ሌላ ሆኖ ያገኙ ሴት ናቸው። ልጅቷ ከሳቸው ሰምታ አንድ መስመር ይዛ መጣች፦ «ያነበብክልኝን ተወው። የጻፍከውን አምጣ።» ይህ የልጅቷ ቃል ነው፣ የእቴጌይቱ አይደለም። ከመጀመሩ በፊትም ለተመልካች ነግረናል፦ ቀኑና አንቀጹ የታሪክ ነው፣ ንግግሩ የኛ ነው። እናንተም ይህን ሳትናገሩ እንዳትጀምሩ።

4. አዳራሽ። እህቴ፣ ሌላውን ብትረሺ ይህን እንዳትረሺ።

የካቲት 23 ትምህርት ዝግ ስለሆነ በዓሉን በዋዜማው፣ በ22 ነው የምናከብረው። አዳራሽ ስለሌለን አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄጄ ለመንኩ። ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። እዚያ ያገኘኋት ሴት በደንብ አስተናገደችኝ፣ አጀንዳዋ ላይም የጻፈች መሰለኝ። «ችግር የለም፣ ለልጆች አይደል!» አለችኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ደብዳቤ አላስገባሁም። ቁጥር የለ፣ ማህተም የለ። በሳምንቱ ደውዬ «እንደተባባልነው ነው» ስባል ልቤ ጣለው።

በ22 ጠዋት 26 ልጅ ይዤ፣ የተከራየነውን ካባና ለምድ በማዳበሪያ አሸክሜ ደረስኩ። ጥበቃው በሩን አልከፍትም አለ። ስብሰባ አለ። ያቺን ሴት ጠየቅኩ፣ ለሥልጠና ወጥታለች። ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ከስልኩ ቀና አላለም።

«ደብዳቤ አለህ?»

«በቃል ተፈቅዶልን ነው።»

«ማን ነው የፈቀደልህ?»

ነገርኩት። «እሷ አትፈቅድም። ልጆች አይደሉ እንዴ? ሜዳ ላይ ይጫወቱ» አለኝ። ቁጭ በል እንኳ አላለኝም። ከኋላዬ ጣይቱ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ስለ ወረቀት የሚናገር ቴአትር ይዤ ወረቀት ሳልይዝ ሄድኩ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ተመልሰን ግቢያችን ውስጥ ባንዲራ የሚሰቀልበት መድረክ ላይ ለማሳየት ተሰናዳን። ጄኔሬተር እስክንለምን፣ ወንበር እስክናወጣ የፈረቃው ሰዓት አለፈ፤ የተጋበዙት ወላጆች ግማሹ አዳራሹ በር ላይ ቆመው ተመልሰው ሄደዋል። በበዓሉ ማግስት፣ በ24 አሳየነው። ለልብሱ የተጨማሪ ቀን ኪራይ ተጠየቅን፣ የአንድ ለምድ ጠርዝ ስለተቀደደ መያዣችንንም አልመለሱልንም። ከኪሴ ነው የከፈልኩት።

ግን ስሚኝ፣ በ24 የሆነውን። ነፋስ ነበር፣ ማይኩ ይንኳኳል፣ ከኋላ ያለው አይሰማም። ሙግቱ ላይ ስንደርስ ጣይቱ ማይኩን ተወችው። ወደፊት ሦስት እርምጃ ሄደች። እጇን ለአንቶኔሊ ዘረጋች፣ መዳፏ ወደ ላይ፣ ዕዳ እንደሚቀበል ሰው። ረጋ ብላ «ያነበብክልኝን ተወው። የጻፍከውን አምጣ» አለች። የኋላዎቹ ሰሙ። አስተርጓሚውን፣ ግራዝማች ዮሴፍን፣ የሚጫወተው ልጅ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ፤ ይህ በጽሑፉ ውስጥ አልነበረም፣ ከራሱ ነው ያመጣው። አያቷ ከፊት ተቀምጠው ነበር። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሲወስዱ አየሁ።

ስለዚህ ዛሬውኑ ርዕሰ መምህራችሁ ጋ ግቢ። ደብዳቤው ቀኑን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ የልጆቹን ቁጥር፣ መብራትና ድምፅ ማጉያ ያስፈልግ እንደሆነ ይጻፍበት። ቁጥርና ማህተም ይኑረው። በሁለት ኮፒ ውሰጂ፣ አንዱ ላይ መዝገብ ቤት «ደርሶናል» ብለው ፈርመው ማህተም አድርገው ይመልሱልሽ። መልሱም በጽሑፍ ይሁን። በቃል እሺ ካሉሽ አመስግኚና ወረቀቱን እዚያው ቁጭ ብለሽ ጠብቂ። ዋናውን ርዕሰ መምህሩ ጋ አስቀምጪ፣ ኮፒውን ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ። ጠዋት ጥበቃው በር ላይ ቢያቆማችሁ የምታሳዪው እሱን ነው። የልብስ አከራዩንም ለምዱ ስንት ቦታ ተቀዶ እንደተሰፋ ከመውሰድሽ በፊት አብሮሽ አይቶ ይጻፍልሽ።