የእናቴን የእንቅርት ክኒን ለድመቴ ልስጣት?

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ድመት አለችኝ። አብዝታ እየበላች መክሳቷንና ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶው ወለል ላይ ተዘርግታ መዋሏን የድሬዳዋ ሙቀት ያመጣው መስሎን ነበር፤ የእንስሳት ሐኪም ደሟን ሲመረምር ግን የታይሮይድ ዕጢዋ ከልክ በላይ ሆርሞን እንደሚያመነጭ ነግሮን ሜቲማዞል 2.5 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ አዘዘላት። አሁን ክብደቷ ተመልሷል፤ ሆኖም በመጨረሻው ምርመራ ክሪያቲኒን (ከጡንቻ የሚመነጭና ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) ከፍ ብሏል ተባልን። መድኃኒቱን ላቁም? ከአዲስ አበባ የሚላክልን ክኒንም ሊያልቅ ነው፤ እናቴ ለእንቅርቷ የምትወስደው ፒቲዩ ቤት ውስጥ ስላለ ከሱ ቆርሼ ብሰጣትስ?
ከከዚራ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ የሚያስቸኩለው ሁለተኛው ጥያቄዎ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። እባክዎ ፒቲዩን ለድመትዎ አይስጧት፤ ሩብ ክኒንም ቢሆን። በሽታው በድመቶች ላይ ተለይቶ ከታወቀበት ከ1979 እ.ኤ.አ. በኋላ በነበሩት የመጀመሪያ ዓመታት ሐኪሞች ይህንኑ መድኃኒት ይሰጡ ነበር፤ ነገር ግን ጥቂት በማይባሉ ድመቶች ላይ የሰውነት መከላከያ የራሱን ቀይ የደም ሕዋሳትና ደም የሚያረጉትን ፕሌትሌቶች እንዲያጠቃ እያደረገ ለከባድ የደም ማነስና ለመድማት ስለዳረጋቸው በሜቲማዞል ተተካ።

ሜቲማዞል የሆርሞኑን ምርት ይገታል እንጂ ያደገውን ዕጢ ስለማያጠፋ፣ ከተቋረጠ ሆርሞኑ በቀናት ውስጥ ተመልሶ ይጨምራል። ስለዚህ ክኒኑ ሳያልቅ ዛሬውኑ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ካርቢማዞል ከተገኘ ሰውነት ውስጥ ወደ ሜቲማዞል የሚለወጥ በመሆኑ ሊተካው ይችላል፤ መጠኑ ግን እኩል ለእኩል ስላልሆነ ሐኪሙ ያስላው።

ወደ ኩላሊቷ ስንመጣ፣ ብዙ ሰው እንደ እርስዎ መድኃኒቱን ይጠረጥራል፤ ስጋትዎ ይገባኛል። የሆርሞኑ መብዛት ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ስለሚጨምርና የእንስሳዋን ጡንቻ ስለሚያሳሳ፣ ቀድሞ የነበረ የኩላሊት ድካም ከምርመራ ይሰወራል፤ ሆርሞኑ ልክ ሲገባ ያ የተሸሸገው ድካም ይታያል። ድመትዎ እየበላችና ክብደቷ እየጨመረ ከሆነ የክሪያቲኒን መጠነኛ ጭማሪ መድኃኒቱን ለማቆም በቂ ምክንያት አይደለም፤ ሳይታከም የቀረ በሽታ ልቧንም፣ የደም ግፊቷንም፣ ያንኑ ኩላሊቷንም ይጎዳልና። መጠየቅ ያለብዎት ሌላ ነገር ነው፦ በዚያው ዕለት ቲ4 የተባለው ሆርሞን ስንት ነበር? ከሚገባው በታች ወርዶ ከሆነ ኩላሊቷን የሚጫነው የመድኃኒቱ መብዛት ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል። ሁለቱ ቁጥሮች ተነጣጥለው መነበብ የለባቸውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብዎ። የደም ናሙናው ለሰው በተቋቋመ ላብራቶሪ ከተሠራ፣ ወረቀቱ ላይ የሚታተመው መደበኛ ልክ የሰው ነው። የአዋቂ ሰው ጠቅላላ ቲ4 በግምት ከ60 እስከ 150 ናኖሞል በሊትር ሲሆን የድመት ግን ከ10 እስከ 50 ገደማ ነው። ስለዚህ 80 የሆነባት ድመት በወረቀቱ ጤነኛ ትባላለች፤ በሚገባ የታከመችው ደግሞ “ዝቅተኛ” የሚል ምልክት ይደረግባትና መድኃኒቷ ያለ አግባብ ይቆረጣል። ቁጥሩን ለእንስሳት ሐኪምዎ ያሳዩ እንጂ የወረቀቱን ምልክት አይከተሉ።

ምርመራው ሕክምናው በተጀመረ ወይም መጠኑ በተለወጠ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ፣ ሁኔታዋ ሲረጋጋ ደግሞ በየ3 እስከ 6 ወሩ ይደገማል። የደም ግፊቷም ይለካ፤ ከፍተኛ ግፊት የድመትን ዓይን በድንገት ሊያሳውር ይችላል። ውኃዋ በከዚራ ሙቀት ከአጠገቧ አይጥፋ። በተለይ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ፊቷን እስኪደማ ካከከች፣ ምግብ ከተወች፣ ደጋግማ ካስመለሰች ወይም ድዷ ቢጫ ከሆነ ቀጣዩን ክኒን ሳይሰጡ ወደ ሐኪም ይውሰዷት።

ሜቲማዞል መራራ ስለሆነ ክኒኑ ከተሰበረ ምላሷን ሲነካት ለሃጯ ይዝረበረባል፤ በትንሽ ጉበት ወይም ዓሣ ጠቅልለው፣ ከዋናው ምግቧ በፊት ስትራብ ይስጧት። ከሰጡ በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ሴት ካለች ክኒኑንም ሆነ የድመቷን መጸዳጃ አሸዋ ሌላ ሰው በጓንት ይያዘው።