የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ግራፊክስ ካርድ ከመግዛትዎ በፊት ፓወር ሰፕላዩን ይዩ

ከአዲስ አበባ ዳርቻ ስለ ጌም ኮምፒውተር ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ የጌሙን ምስል ስለሚሠራው ግራፊክስ ካርድ፣ «የትኛውን ካርድ ልግዛ?» የሚሉ ናቸው። መልሱ የሚጀምረው ከካርዱ ሳይሆን ካርዱ ከሚገባበት ኮምፒውተር ነው፤ በተለይም ለክፍሎቹ ሁሉ ኃይል ከሚያድለው ሳጥን፣ ከፓወር ሰፕላዩ።

ጥያቄ፦ ያለኝ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ታወር ነው። ፕሮሰሰሩ አይ5-4570፣ ራሙ 8 ጊጋ ነው፤ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ጂቲኤ 5 በዝቅተኛው ሴቲንግ እንኳ ይንቀረፈፋል። ጓደኛዬ አርኤክስ 580 ግዛ ይለኛል። በእጄ ያለው ገንዘብ ለካርዱ ብቻ የሚበቃ ነው። (ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ አርኤክስ 580 ጉልበት አለው፣ በዚህ ጓደኛዎ አልተሳሳተም። ግን ብቻውን እስከ 185 ዋት ይበላል። የእርስዎ ታወር የመጣበት ፓወር ሰፕላይ በጠቅላላው 290 ዋት ነው፤ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን ገመድም የለውም። ሻጩ «ችግር የለም፣ ከሳታ ወደ 8 ፒን የሚቀይር አዳፕተር አለ» ሊልዎት ይችላል። እባክዎ አይግዙት። ሳታ ዲስክ የሚሰካበት የኃይል ሶኬት ነው፤ አንዱ በ12 ቮልቱ መስመር የሚሸከመው 54 ዋት ነው። ባለ 8 ፒኑ ሶኬት ደግሞ እስከ 150 ዋት ሊጠይቅ ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የቀለጠ ፕላስቲክ ነው፤ አንዳንዴም ከሱ ጋር ማዘርቦርዱ ይሄዳል።

ስለዚህ ባለዎት ገንዘብ የሚያዋጣው ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ ካርድ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ረጅሙ ስሎት ራሱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ሂሳቡን እንሥራው፦ ካርዱ 75፣ ፕሮሰሰሩ 84፣ ማዘርቦርዱ፣ ራሙ፣ ዲስኩና ፋኖቹ አንድ ላይ 50 ቢሆኑ ድምሩ 209 ዋት ነው። 290 ዋቱ ይችለዋል፣ ትንፋሽም ይተርፈዋል።

በዚህ ክልል ውስጥ ቅድሚያ የምንሰጠው በ2024 ለወጣው ባለ 6 ጊጋ አርቲኤክስ 3050 ነው። 70 ዋት ነው የሚወስደው። ስሙ ከባለ 8 ጊጋው ጋር አንድ ስለሆነ ግን ይጠንቀቁ፤ ባለ 8 ጊጋው 130 ዋት ይፈልጋል፣ ገመድም አለው። ገንዘቡ እዚያ ካልደረሰ ጂቲኤክስ 1650 ይያዙ። 4 ጊጋ ሚሞሪ ስላለው በአዳዲስ ጌሞች ላይ ቴክስቸሩን መካከለኛ ላይ ማድረግ ግድ ነው፤ ጂቲኤ 5ን ግን በ1080 ያለምንም ጭንቀት ያጫውታል። ከ1650ዎቹም አንዳንዶቹ ባለ 6 ፒን ሶኬት አላቸው፤ የካርዱን ጫፍ አገላብጠው ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ። ከዚህም ዝቅ ካለ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ አለ። ይሠራል፣ ሆኖም ኤንቪዲያ ለዚህ ትውልድ ካርዶች አዳዲስ የጌም ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ካርዱን እንዲያሠራ የሚያደርገውን ፕሮግራም) ማውጣቱን በጥቅምት 2025 በፈረንጆቹ አቁሟል። 1650ው ከዚያ ውጭ ነው፤ ድራይቨሩ አሁንም ይታደሳል። ዋጋቸው ከተቀራረበ ያለማመንታት 1650ውን ይምረጡ።

አርኤክስ 6400ም ገመድ አይፈልግም፣ 53 ዋት ብቻ ነው። ለእርስዎ ግን አንመክረውም። ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በ4 መስመር ብቻ ነው። አዲስ ማዘርቦርድ ላይ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ እንደ እርስዎ ያለ ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3 (የቀድሞ ትውልድ ስሎት) ላይ ሲገባ ግን መንገዱ በግማሽ ይጠባል፣ 4 ጊጋው ሲሞላም ጌሙ መንተፋተፍ ይጀምራል። ቪዲዮ እየቀረጹ መጫወት ከፈለጉ ደግሞ መቅረጫው ክፍል ከነጭራሹ የለውም። ጂቲ 730 የሚሉትን «ባለ 4 ጊጋ ነው» ቢባሉም እንኳ ይለፉት፤ የሚሞሪው ብዛት ደካማ ቺፕን አያፈጥንም።

አንድ ነገር ከካርዱ እኩል ያሳስበናል። 8 ጊጋው ራም በአንድ ፍሬ ከሆነ የገባው ሌላ 8 ጊጋ ዲዲአር3 ይጨምሩበት። ሁለት ፍሬ ሲሆን ፕሮሰሰሩ በሁለት ቻናል ያነባል፣ ጌሙ ድንገት ቀጥ የሚልበትም ጊዜ ይቀንሳል። የእርስዎ ፕሮሰሰር 4 ኮርና 4 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚያካሂደው የሥራ መስመር) ብቻ ስለሆነ ይህ በደንብ ይታወቃል። ቆይቶ ገንዘብ ሲገኝ እዚያው ሶኬት ላይ የሚቀመጥ አይ7-4770 አለ፣ 8 ትሬድ ነው።

ትልቅ ካርድ ካልሆነ አይሆንም ካሉ ግን መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩ ይቀየር። የ9020 ማዘርቦርድ የተለመደውን ባለ 24 ፒን ሶኬት አይቀበልም፤ የራሱ ባለ 8 ፒን አለው፣ ስለዚህ ከ24 ወደ 8 የሚቀይር የዴል አዳፕተር ያስፈልጋል። አዲሱን ፓወር ሰፕላይ ሲመርጡ ካርቶኑ ላይ በትልቁ በተጻፈው ዋት አይመኑ። ጎኑ ላይ ያለውን ሰንጠረዥ ያንብቡና የ12 ቮልቱን አምፔር በ12 ያባዙ። «500 ዋት» የሚል ተለጥፎበት 12 ቮልቱ 18 አምፔር ከሆነ ለካርዱና ለፕሮሰሰሩ የሚደርሰው 216 ዋት ነው። እንዲህ ያለው 125 ዋት የሚወስደውን ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ከእርስዎ ፕሮሰሰር ጋር አይሸከምም፣ ወይም ለጥቂት ወራት ብቻ ይሸከማል። 12 ቮልቱ 34 አምፔርና ከዚያ በላይ የሆነ ባለ 450 ዋት፣ ባለ ብሮንዝ ምልክት (የኃይል ቆጣቢነት ደረጃ) ይፈልጉ። ከካርዱ ጀርባ እስከ ዲስክ ማስቀመጫው ያለውን ርቀትም በሜትር ለክተው ሱቅ ይሂዱ፤ ባለ ሁለት ፋን ካርድ ብዙ ጊዜ ከ20 ሳንቲም ያልፋል።

ጥያቄ፦ በቴሌግራም ያገለገለ ባለ 8 ጊጋ አርኤክስ 580 አግኝቻለሁ። ባለ 550 ዋት ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ስላለኝ እሱ አያሳስበኝም። የምፈራው የማይኒንግ ካርድ እንዳይሆን ነው። እንዴት ልለየው? (ከሰበታ)

መልስ፦ ማይኒንግ ማለት ካርዶችን እያሠሩ ዲጂታል ገንዘብ ማምረት ነው፤ ካርዱ የማይኒንግ ሊሆን ይችላል ብለው ተዘጋጅተው ይሂዱ። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በመስከረም 2022 በፈረንጆቹ በካርድ መመረቱ ሲያበቃ እነዚህ ካርዶች በብዛት ወደ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ወጥተዋል። ማይኒንግ ላይ መዋሉ ብቻውን ካርዱን አይጥለውም። ሌት ተቀን ሲሠራ የሚያረጁት ፋኖቹ፣ ሙቀት አስተላላፊው ቴርማል ፔስትና ሚሞሪው ላይ ያሉት ፓዶች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ይቀየራሉ። የማይቀየረው የተጎዳ ሚሞሪ ነው።

ካርዱ በሚሠራ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ሳያዩ አይክፈሉ። «መብራት የለም» ከተባለ መብራት ሲመጣ ይመለሱ። ከመሰካቱ በፊት ፋኖቹን በጣት ያዙሩ፤ የሚወላከፍ ወይም የሚንኳኳ ካለ ዋጋው ላይ ይነሳ። የብሎኖቹ ራስ የተላጠ ከሆነ ካርዱ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ለምን እንደተከፈተ ይጠይቁ።

ከዚያ ጂፒዩ-ዚ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ይክፈቱ። ትክክለኛው አርኤክስ 580 ሼደሩ (የማስሊያ ክፍሎቹ ብዛት) 2304 ነው፤ 2048 ካለ የተቀነሰው ዓይነት ነው፣ ዋጋውም ዝቅ ማለት አለበት። የሚሞሪው ስፋት 256 ቢት፣ መጠኑ 8192 መሆን አለበት። ፕሮግራሙ ባዮሳቸው (ውስጣቸው የተጫነው መነሻ ፕሮግራም) ተቀይሮ በሌላ ስም የሚሸጡ የኤንቪዲያ ካርዶችንም ያጋልጣል፤ ከስማቸው ፊት ሐሰተኛ መሆናቸውን ይጽፋል። በነገራችን ላይ፣ ቪጂኤ (የድሮው የሞኒተር ገመድ) ቀዳዳ ያለው «1050 ቲአይ» ካሳዩዎት በጣም ይጠራጠሩ። ያ ትውልድ በራሱ የቪጂኤ ምልክት አያወጣም።

ቀጥሎ ካርዱን በሙሉ ጉልበት የሚያሠራውን ፈርማርክ የተባለ መፈተኛ ፕሮግራም 15 ደቂቃ ያስኬዱ። ሙቀቱ 80 ገደማ ላይ ከረጋ ደህና ነው፤ 90 እየደረሰ ፋኑ ከጮኸ ፔስቱ ደርቋል። እዚህ ግን አያብቁ፣ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ፈርማርክ የሚያስጨንቀው ቺፑን እንጂ ሚሞሪውን አይደለም። የሚሞሪ ጉዳት የሚወጣው ብዙ ቴክስቸር የሚጭን እውነተኛ ጌም 20 ደቂቃ ሲጫወቱበት ነው። ባለ ቀለም ነጠብጣብ፣ የሚብለጨለጭ ሦስት ማዕዘን ወይም ድንገት የሚጠቁር ስክሪን ካዩ ካርዱን መልሰው ይሂዱ፤ በየትኛውም ዋጋ አያዋጣም። ካርዱ ደህና ሆኖ ድራይቨር አልቀበልም ካለ ግን የማይኒንግ ባዮስ ተጭኖበት ይሆናል። አንዳንዶቹ ጫፋቸው ላይ ወደ መጀመሪያው ባዮስ የምትመልስ ትንሽ ማብሪያ አላቸው፤ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ይሞክሯት።

እንዲያውም ከዋጋው ጥቂት ጨምረው ባለ 8 ጊጋ አርኤክስ 6600 ካገኙ 580ውን ይተዉት። 132 ዋት ብቻ ወስዶ በሩቅ ይበልጠዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ ጌም ሲጫወት እኔ ምጣድ ስሰካ ኮምፒውተሩ ድርግም ይልና እንደገና ይነሳል። ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ካስገባን ወዲህ ባሰበት። ባለሙያው «ካርዱ ተበላሽቷል፣ ይቀየር» አለን። እንቀይር? (እናት፣ ከገላን ኮንዶሚኒየም)

መልስ፦ አይቀይሩ፣ ገና ነው። የተበላሸ ካርድ ብዙውን ጊዜ ስክሪኑን ያጠቁራል ወይም ያደርቃል፣ ኮምፒውተሩ ግን ፋኑ እየዞረ ይቀጥላል። ሙሉ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኃይል ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ሺህ ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል፤ በ220 ቮልት ወደ 14 አምፔርና ከዚያ በላይ ነው። ሽቦው ቀጭን ከሆነ ወይም ጎረቤቱ ሁሉ በአንድ ሰዓት የሚጋግር ከሆነ ቮልቱ ይወርዳል። የፓወር ሰፕላዩን ጎን ይመልከቱ። «100–240» ከተጻፈበት መውረዱን ይችላል። «115/230» የሚል ቀይ ማብሪያ ያለው ከሆነ ግን ቮልቱ ከ180 በታች ሲወርድ ሊጠፋ ይችላል። ማብሪያውን ወደ 115 ማዞር መፍትሔ እንዳይመስላችሁ፤ በ220 መስመር ላይ በቅጽበት ያቃጥለዋል።

ለመለየት ሁለት ሙከራ ይበቃል። መጀመሪያ ምጣዱ ሳይሰካ ልጅዎ ከባዱን ጌም ግማሽ ሰዓት ይጫወት። ካልጠፋ ችግሩ መስመሩ ነው። ከጠፋ ደግሞ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም የካርዱን የኃይል ገደብ ወደ 75 በመቶ ያውርደውና ይድገም። አሁን ካልጠፋ ፓወር ሰፕላዩ ደካማ ነው፤ የሚቀየረው እሱ ነው። አዲስ እስኪገዛ ድረስ በ75 በመቶው ይጫወት፣ ከፍጥነቱ የሚጎድለው ጥቂት ነው።

መስመሩ ከሆነ ምጣዱና ኮምፒውተሩ በአንድ ማከፋፈያ ገመድ ላይ ፈጽሞ አይሁኑ። ኤሌክትሪሺያን ጠርተው ለምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ ራሱን የቻለ ወፍራም መስመር ያስዘርጉለት፤ ይህ ለኮምፒውተሩ ብቻ ሳይሆን ለቤቱም ደኅንነት ነው። ከዚያ ለኮምፒውተሩ ስታብላይዘር። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ) ካሰቡ 650 ቪኤ ማለት 650 ዋት እንዳልሆነ ይወቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ 360 ዋት ገደማ ነው፣ ሞኒተሩም ከዚያው ይበላል።

ሌላው የአካባቢያችሁ ጠላት አቧራ ነው። በየሦስት ወሩ ኬዙን ከፍታችሁ በብሎወር አጽዱት። አየሩ ሲነፋ የካርዱን ፋን በጣት ያዙት፤ እንዲሁ እንዲፈተለክ ከተተወ ኩሽኔታው ይጎዳል።

ጥያቄ፦ አዲስ ካርድ ገዝቼ አስገባሁ፤ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ሞኒተሬ ቪጂኤ ብቻ ነው ያለው። (ከለገጣፎ)

መልስ፦ ገመዱ አሁንም ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ ይሆናል። ካርዱ ሲገባ ብዙ ማዘርቦርዶች የራሳቸውን ማሳያ ያጠፋሉ፤ ገመዱ ወደ ካርዱ ይዛወር። ካርዱ ቪጂኤ ስለሌለው ከኤችዲኤምአይ ወይም ከዲስፕሌይፖርት ወደ ቪጂኤ የሚቀይር፣ ውስጡ ቺፕ ያለው አዳፕተር ያስፈልግዎታል። ቺፕ የሌለው ተራ ገመድ በዚህ በኩል አይሠራም።

እሱም ካልሆነ ካርዱን አውጥተው የስሎቱ መቆለፊያ «ቀጭ» እስኪል መልሰው ይጫኑ፤ የ6 ወይም የ8 ፒን ገመድ ካለው መሰካቱን ይዩ። ማዘርቦርዱ ያረጀ ከሆነ ካርዱን አውጥተው በድሮው ማሳያ ባዮሱን ያድሱ፣ ከዚያ ይመልሱት። ከዚህ በፊት የሌላ ኩባንያ ካርድ ከነበረዎት የድሮውን ድራይቨር በሴፍ ሞድ ዲዲዩ በተባለው የድራይቨር ማጽጃ ፕሮግራም ያጽዱና አዲሱን ይጫኑ።