ባዮሱ መንገድ ላይ ለቀረ ላፕቶፕ፤ ለድሬዳዋ ወጣት የጥገና ባለሙያዎች

ከዚራም ሆነ ታይዋን አካባቢ የጥገና ጠረጴዛ ይዛችሁ ለተቀመጣችሁ ልጆቼ፣

ባዮሱ፣ ማለትም ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም፣ እየታደሰ መሃል ላይ ተቋርጦ ጨለማ ሆኖ የቀረ ላፕቶፕ ሲመጣላችሁ እጃችሁ ቺፕ ላይ አዲስ ባዮስ ለመጻፍ አይቸኩል። እንዲህ ያለው ማሽን አብዛኛውን ጊዜ አልሞተም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለች ስምንት እግር ያላት ትንሽ ቺፕ ላይ የተጻፈው ነገር ተቆርጦ ነው የቀረው። እድሳቱ ቺፗን በክፍል በክፍል እየሰረዘ እንደገና ይጽፋል። በዚያ መሃል ኃይል ከተቋረጠ ፕሮሰሰሩ ሲነሳ የሚያነበው ግማሽ ትእዛዝ ይሆናል። ደንበኛው "መብራቱ ይበራል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ምንም የለም" የሚላችሁ ለዚህ ነው። ሃርድ ዲስኩ ውስጥ ያለው ፎቶና ሰነድ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ይህን መጀመሪያ ንገሩትና ልቡ ይረፍ።

እኛ ከተማ መብራት ሳይነግር ይሄዳል። ስለዚህ ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ላይ ቻርጀር ብቻ ተማምናችሁ ባዮስ አታድሱ፤ ባትሪው ቢያንስ ግማሽ ሞልቶ ቻርጀሩም ይሰካ። ሙቀቱ በርትቶ ሱቅ ሊዘጋ ሲል የሚጀመር እድሳትም አይሁን። ስክሪኑ ሲጨልም "ቀጥ አለ" ብሎ ማጥፊያውን የሚጫን ሰው ብዙ ነው፤ ማሽኑ ግን ራሱን ሁለት ሦስት ጊዜ አጥፍቶ ሊያበራ፣ ራሙን እንደ አዲስ ሲለማመድም ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል። ቻርጀሩ እንደተሰካ ግማሽ ሰዓት ታገሡት።

ከዚያም ካልተነሳ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ከፍታችሁ የባትሪውን ሶኬት አውጡ፣ ማብሪያውን 30 ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ፣ አንድ ራም ብቻ አስቀርታችሁ ሞክሩ። የማሽኑን መብራት ብልጭታም ቁጠሩ። ዴል ላይ 2 ብርቱካናማና 2 ነጭ ብልጭታ የማዘርቦርድ ችግር ነው፤ የተበላሸ ባዮስ እዚህ ውስጥ ይገባል። 2 ብርቱካናማና 3 ነጭ ከሆነ ግን ራም አላገኘም ማለት ነው፤ ባዮሱን መንካት ከንቱ ድካም ነው። 3ና 3 የባዮስ መመለሻ ፋይል አልተገኘም፣ 3ና 4 ፋይሉ ተገኝቷል ግን ልክ አይደለም ይላችኋል። ኤችፒ በብዙ ሞዴሎቹ የካፕስ ሎክ መብራቱን ብልጭ ያደርጋል፤ ቁጥሩ በሞዴል ስለሚለያይ የዚያኑ ማሽን መመሪያ ተመልከቱ።

ባዮስ መሆኑን ካመናችሁ ቺፗን ከመንካት በፊት ፋብሪካው ያስቀመጠውን መንገድ ሞክሩ። ትንሽ ፍላሽ በፋት 32 ፎርማት አድርጉ። ለኤችፒ የዚያኑ ሞዴል የባዮስ ፋይል ከድርጅቱ ድረ ገጽ አውርዳችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት የመመለሻ ፍላሽ የሚሠራ ምርጫ ይሰጣችኋል። ፍላሹንና ቻርጀሩን ሰክታችሁ የዊንዶውስንና የቢን ቁልፍ አንድ ላይ ያዙ፣ ማብሪያውን ሁለት ሦስት ሰከንድ ተጭናችሁ ልቀቁ፣ ሁለቱን ቁልፎች ግን አትልቀቁ። ስክሪኑ ወደ 40 ሰከንድ ሊጨልም ይችላል፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። በቢ ካልሆነ በቪ ድገሙት።

ዴል ላይ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በወጡት አብዛኞቹ፣ ፋይሉን ስሙን ቀይራችሁ ፍላሹ ላይ ማንኛውም ፎልደር ውስጥ ሳታስገቡ አስቀምጡ፤ ስሙም "ባዮስ"፣ አንደርስኮር፣ "አይኤምጂ"፣ ነጥብ፣ "አርሲቪ" ነው፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ ፊደል። ዊንዶውስ የፋይል ቅጥያን ስለሚደብቅ ከኋላው የቀድሞው "ኢኤክስኢ" ተለጥፎ ይቀርና "ሞከርኩት፣ አልሠራም" ትላላችሁ። መጀመሪያ ቅጥያው እንዲታይ አድርጉ። ከዚያ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ኮንትሮልና ኢስኬፕን እንደያዛችሁ ቻርጀሩን መልሳችሁ ሰኩ፣ የመመለሻው ገጽ ሲመጣ ልቀቁ።

ይህ ሁሉ እምቢ ካለ ፕሮግራመር፣ ማለትም ቺፕ የሚያነብና የሚጽፍ መሣሪያ፣ ይወጣል፤ በብዙ እጅ ያለው ሲኤች 341 ኤ ነው። ጥቁሩ ቦርድ ለቺፑ የሚሰጠው ኃይል 3.3 ቮልት ቢሆንም የዳታ መስመሮቹን ግን ለቺፗ በሚበዛ 5 ቮልት የሚነዳ ነው። ቮልቴጅ መምረጫ ያለውን ፈልጉ፤ ያም ሆኖ በቴስተር የዳታ እግሮቹን ሳትለኩ አታገናኙ። ቺፗ ላይ የተጻፈውንም በአጉሊ መነጽር አንብቡ። በዊንቦንድ ቺፖች 25 ኪው 64 ማለት 64 ሜጋቢት፣ ማለትም 8 ሜጋባይት ነው፤ 128 ከሆነ 16 ሜጋባይት። ከቁጥሩ በኋላ ኤፍቪ ወይም ጄቪ ካለ 3.3 ቮልት፣ ኤፍደብሊው ወይም ጄደብሊው ካለ 1.8 ቮልት ነው። ለ1.8 ቮልት ቺፕ ቮልቴጅ የሚቀንስ አዳፕተር ሳታደርጉ 3.3 መስጠት ሊድን የሚችለውን ማሽን መግደል ነው።

ቻርጀርም ባትሪም ሳይነቀል የፕሮግራመሩ ክሊፕ ቺፗን አይንከስ። የቺፗን እግሮች በአልኮል ጥረጉ፣ የአቧራው ነገር እኛ ዘንድ ቀላል አይደለም። ነጥብ ያለበት ማዕዘን አንደኛው እግር ነው፤ የክሊፑ ቀይ ገመድ ወደዚያ።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ምክሬ፤ ከመጻፍ በፊት አንብቡ። አንብባችሁ አስቀምጡ፣ ክሊፑን አንስታችሁ መልሳችሁ ነክሳችሁ ደግማችሁ አንብቡ፣ ሁለቱን ፋይሎች አመሳስሉ። አንዲት ባይት ከተለያዩ ክሊፑ በደንብ አልነከሰም። የ8 ሜጋባይት ንባብ በትክክል 8,388,608 ባይት መሆን አለበት። ውስጡ ከላይ እስከ ታች ኤፍኤፍ ብቻ ወይም ዜሮ ብቻ ከሆነ ያነበባችሁት ባዶ አየር ነው። ክሊፑ ከቺፗ አልፎ ቀሪውን ቦርድ ኃይል ስለሚያጠጣ ንባቡ አልረጋ ካለ ቺፗን በሆት ኤር አንሱና ለብቻዋ አንብቧት።

ያ የተበላሸ የመሰላችሁ ፋይል የዚያን ማሽን መታወቂያ ይዟል። ሲሪያል ቁጥሩ፣ በብዙ ማሽኖች የኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር የሆነው ማክ አድራሻ፣ ከፋብሪካው ጋር የመጣው የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ከዋናው ፕሮሰሰር ጎን የሚሠራው የኢንቴል ማኔጅመንት ኢንጂን ክፍልም እዚያው ነው። ከሌላ ላፕቶፕ የተወሰደ ሙሉ ፋይል ብትጭኑበት ማሽኑ ይነሳ ይሆናል፤ ግን የሌላ ማሽን ስም ይዞ ነው የሚነሳው። ትክክለኛው መንገድ ከፋብሪካው እድሳት ውስጥ ንጹሑን የባዮስ ክፍል አውጥቶ፣ በቀድሞው ፋይል ላይ ያንኑ ክፍል ብቻ መተካት ነው። የወረደው እድሳት ራስጌና ፊርማ ስላለው እንዳለ ቺፕ ላይ አይጻፍም። ዩኢኤፍአይ ቱል የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ክፍሎቹን ለይቶ ያሳያችኋል። ከዚያ ሰርዙ፣ ጻፉ፣ አረጋግጡ። ማረጋገጫው ካላለፈ አታብሩት።

የመጀመሪያው መነሳት ሊዘገይ ይችላል። ሲነሳ ሰዓቱን አስተካክሉ፣ ሲሪያሉንና ማክ አድራሻውን ከፊተኛው ንባብ ጋር አነጻጽሩ። ዊንዶውስ ዲስኩን የሚቆልፈውን የቢትሎከር ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ባለቤቱ ቁልፉን ከማይክሮሶፍት አካውንቱ ቀድሞ እንዲያወጣ አድርጉ። ማኔጅመንት ኢንጂኑ ከተበላሸ ማሽኑ ደህና መስሎ 30 ደቂቃ ገደማ ሲሆን ራሱን ሊያጠፋ ይችላል፤ ፋኑም ያለ ምክንያት ሙሉ ኃይሉን ሊሮጥ ይችላል። ስለዚህ ስክሪኑ በራ ብላችሁ ወዲያው አታስረክቡ። 45 ደቂቃ ክፍት አድርጋችሁ ተዉት፣ አጥፍታችሁ አብሩት፣ ከዚያ ለባለቤቱ ደውሉ።