መልስ፦ ለሚኒባስ በር መቀርቀሪያ ፓተንት ላውጣ?

ሰላም ወንድሜ። ሶማሌ ተራ ጋራዥህ ውስጥ የሚኒባስ ተንሸራታች በር በጉዞ ላይ እንዳይከፈት የሚይዝ መቀርቀሪያ ሠርተህ «ፓተንት ላውጣ? ሕይወት የሚያድን ነገር የራስ ማድረግስ ስስት አይሆንም ወይ?» ብለሃል። ፓተንት ለአዲስ ፈጠራ የሚሰጥ የባለቤትነት መብት ነው። በመጀመሪያ ግን እባክህ፣ ማመልከቻህ ሳይገባ ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ እንዳትለቀው፤ ለባለታክሲዎችም አትግጠም። አዲስነቱን ልታጣ የምትችለው እዚያ ላይ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ፓተንት የሚሰጠው ለ15 ዓመት ነው፤ ግን አዲስነቱ ከመላው ዓለም ጋር ይመዘናል። የመኪና ኩባንያዎች ደግሞ በበር መያዣ ላይ ብቻ ብዙ አስመዝግበዋል። ስለዚህ ለአንተ ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል ምስክር ወረቀት ይሻልሃል ባይ ነኝ። አዲስነቱ የሚታየው አገር ውስጥ ነው፤ 5 ዓመት ይቆያል፣ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል።

ስስት ያልከውን አልቀበልም። ኒልስ ቦሊን ለቮልቮ የሠራው ባለሦስት ነጥብ የደህንነት ቀበቶ እ.ኤ.አ. በ1959 መኪና ላይ የተገጠመ ሲሆን ፓተንት ወጥቶለታል፤ ኩባንያው ግን ሌሎች አምራቾች እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። መብቱ በእጅህ ካለ መፍቀዱም የአንተ ነው። ማመልከቻው ላይ ስፕሪንጉና ምላሱ እንዴት እንደሚሠሩ ከነሥዕሉ በደንብ አስረዳ።